ሚጥሚጣ የተባለችው ውሻችን

እኔ የምግብ ቤት ሰው ነኝ። በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል ከተማ፣ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ከከፈትን አሥራ ስድስት ዓመት አለፈን። ስለ ሽሮና ስለ ዶሮ ወጥ ጻፍ ብትሉኝ ይቀለኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ውሻ ነው። አዎ፣ ስለ ውሻ! ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሰው መጥቶ "አንተ እኮ ቤትህ ውስጥ ውሻ ታሳድጋለህ፤ ቅዳሜ ጠዋትም ከልጅህ ጋር አይጥ አደን ትወጣለህ" ቢለኝ ኖሮ፣ ሰውየውን ጠበል ውሰዱት እል ነበር።

ውሻ የምፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ያደግኩት ሱሉልታ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባለቤት የሌለው ውሻ ባቴን ነከሰኝ። ውሻው በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። አባቴ ይዞኝ አዲስ አበባ ፓስተር ወረደ፤ ለብዙ ቀናት ሆዴ ላይ መርፌ ተወጋሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አገር ቤት ወላጅ ልጁን "ከውሻ ራቅ!" ብሎ ሲቆጣ ክፋት አይደለም፣ ልጁን ማዳኑ ነው። እዚህ ብሪታንያ በውሾች ላይ ያ በሽታ የለም። እኔ ግን ፍርሃቴን ከሻንጣዬ ጋር ይዤው መጥቼ ነበር።

በዚያ ላይ እኛ አገር የውሻ ቦታ ደጅ ነው። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ብርድና ዝናብ ሲሆንም እዚያው ያድራል። "ምን አገባት ውሻ ከእርሻ" እያልን ነው ያደግነው። ውሻ እርሻ ውስጥ ምን እንዳገባት ያየሁት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የፋሲካ በግ የምንገዛው ከኒውካስል በስተሰሜን፣ የኮኬት ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ፣ ሮትበሪ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። እኛ መርጠን እንከፍላለን፤ እርሳቸው ፈቃድ ያለው ቄራ ልከው ያሳርዱልናል። ልጆቼ "ጋሼ" ይሏቸዋል። ሽማግሌው ትርጉሙን ጠይቀው ከገባቸው በኋላ፣ ስልክ ሲደውሉ ራሳቸው "ጋሼ ነኝ" ማለት ጀምረዋል።

የዛሬ አራት ዓመት ለፋሲካ በግ ልመርጥ ስሄድ ትንሹን ልጄን ይዤው ሄድኩ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ታላቅ እህቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቤት ከወጣች ወዲህ ልጁ ዝም ብሎ ነበር። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ክፍሉ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ስልኩን ይከፍታል። እኔና እናቱ ማታ ማታ ምግብ ቤት ነን። አብራን የምትኖረው እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የእርሱ አማርኛ ደግሞ "እሺ" እና "አልፈልግም" ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲተያዩ ሳይ ሆዴ ይባባ ነበር።

ያን ቀን ጋሼ የገለባ እስሮቻቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያዛወሩ ነበር። ሁለት ትናንሽ ውሾች ከክምሩ አጠገብ ቆመዋል። አይጮኹም፣ አይንቀሳቀሱም፤ ዓይናቸው ብቻ መሬት ላይ ተተክሏል። እስሩ ብድግ ሲል አይጥ ፈነጠረ። አንደኛዋ ውሻ አንገቱን ያዘችው፣ አንዴ አራገፈችው፣ ጣለችውና ወደሚቀጥለው ዞረች። ዓይናችንን እስክንጨፍን እንኳ አልቆየም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ ሰባት አይጥ ቆጠርን።

ምግብ ቤት ያላችሁ ሰዎች አይጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እዚህ አገር የንጽሕና ተቆጣጣሪ ድንገት መጥቶ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጥሃል፤ ውጤትህንም ማንም ደንበኛ በኢንተርኔት ያየዋል። አንድ ዓመት ከጓሮአችን የቆሻሻ መጣያ አጠገብ አይጥ ታይታ፣ አይጥ አጥፊ ባለሙያ ጠርተን እስክንገላገል ድረስ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። እና ያን ቀን፣ ውሻ የምፈራው ሰውዬ፣ ሳላስበው ማጨብጨብ ጀመርኩ።

ልጄ ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። "አባዬ፣ ለምንድነው የማይጮኹት? ማን አስተማራቸው? እኛን ለምን አይነክሱም?" መንገዱን ሙሉ ጠየቀኝ። ለስንት ወር አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ቴሪየር ምን ዓይነት ውሻ ነው?

ጥያቄው መልስ ስላልነበረኝ በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ ጋ ደወልኩ። ከእርሳቸውና በኋላም ካነበብኩት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ቴሪየር የሚለው ስም "ቴራ" ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ምድር ማለት ነው። ሥራቸው ጉድጓድ ገብቶ ቀበሮ ማስወጣት፣ አይጥና ጥንቸል መያዝ ስለነበር ነው። ዓይነታቸው ብዙ ነው። ከኒውካስል ብዙም በማትርቀው ቤድሊንግተን በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ስም የሚጠራ ቤድሊንግተን ቴሪየር አለ፤ ሲያዩት ግልገል በግ ይመስላል፣ የማዕድን ሠራተኞች ግን አይጥ ያስይዙት ነበር። ከሐይቆቹ አውራጃ የመጡ ሌክላንድና ፓተርዴል የሚባሉም አሉ።

ከሁሉ ስሙ የሚታወቀው ጃክ ራስል የተሰየመው በአንድ ቄስ ነው። ቄስ ጆን ራስል ከ1795 እስከ 1883 በፈረንጆች አቆጣጠር የኖሩ የዴቨን አገር ሰው ናቸው። ተማሪ ሳሉ ከአንድ ወተት ሻጭ ነጭ ውሻ ገዝተው ዝርያውን ከእርሷ እንዳስጀመሩ ይነገራል። ውሻዋ ስሟ "ትረምፕ" ነበር፤ አትሳቁ! ይህን ለእናቴ ስነግራት "ቄስ? ውሻ ያረባል? የዚህ አገር ነገር!" ብላ አማተበች።

የጋሼ ውሾች ቦርደር ቴሪየር ይባላሉ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ላይ ካሉት የቼቪየት ኮረብቶች የወጡ ናቸው። የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ የመዘገባቸው በ1920 ነው፤ ገበሬው ግን ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን ያውቃቸዋል። ወንዱ ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ፣ ሴቷ ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ትመዝናለች። እግራቸው ፈረስ ተከትሎ ለመሮጥ የሚበቃ ነው፤ ደረታቸው ደግሞ ጉድጓድ ለመግባት የሚበቃ ጠባብ። ጋሼ ውሻዋን አንሥተው ደረቷን በሁለት እጃቸው አቀፉትና ጣቶቻቸው ሲገናኙ አሳዩን። "እጄ የማይዞርባትን ውሻ የቀበሮ ጉድጓድም አያስገባትም" አሉ። ቆዳቸው ላላ ያለና ወፍራም ነው፤ ጠጉራቸው ሸካራ ሆኖ ዝናብ ያንሸራትታል። ጅራታቸው አይቆረጥም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በድሮው ዘመን የእነዚህ ውሾች ዋና ሥራ ቀበሮ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ የ2004 የአደን ሕግ በየካቲት 2005 ከጸና ወዲህ የዱር እንስሳትን በውሻ ማሳደድ በአጠቃላይ ተከልክሏል። ሕጉ ከተዋቸው መካከል አይጥና ጥንቸል ይገኛሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ የመሬቱ ባለቤት ሲፈቅድ ብቻ ነው። ባጀር የሚባለውን እንስሳ ጉድጓድ ውስጥ ውሻ ማስገባት ደግሞ ወንጀል ነው። ጋሼ ገና በመጀመሪያው ቀን ልጄን ቁጭ አድርገው ያስተማሩት ይህንን ነው፤ ስለ ውሻዋ የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

የእናቴ ፍርድ ቤት

የጋሼ ውሻ ወለደች። ልጄ ለመነ። እናቱ "እኔ የለሁበትም፣ አንተ ወስን" አለችኝ። ትልቁ ፍርድ ቤት ግን እናቴ ነበረች።

"ሥዕለ አድኅኖ ባለበት ቤት ውሻ? ልጄ፣ አእምሮህ ደህና ነው?" አለችኝ። ሁለት ቀን ከእኔ ጋር ቡና አልጠጣችም። በሦስተኛው ቀን አገር ቤት ደውላ የንስሐ አባቷን አማከረች። እርሳቸውም "እንስሳውም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። ከጸሎት ቦታሽ አርቂው፣ ንጽሕናችሁን ጠብቁ" ብለው አሰናበቷት። በዚያው ሰሞን አንድ የምግብ ቤታችን ደንበኛ የሆነ ሙስሊም ወዳጄን ጠየቅኩት። በእነርሱም ዘንድ ለአደንና ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝ እንደሚፈቀድ፣ ምራቁ የነካው ዕቃ ግን በጥንቃቄ እንደሚታጠብ ነገረኝ።

ሽምግልናው በዚህ አለቀ፦ ውሻዋ የእናቴ ክፍልና የጸሎት ቦታ አትደርስም። ምግብ ሲሠራ ማዕድ ቤት አትገባም። ምግብ ቤታችን ደጃፍ እንኳ አትታይም። ልጁ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በፊትና በኋላ ያንሸራሽራታል፣ ቆሻሻዋንም ራሱ ያነሣል። ውሻዋን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል።

ስምንት ሳምንት ሲሞላት መጣች። ቆዳዋ ሥር መታወቂያ ማይክሮቺፕ ተቀብሮላታል፤ ይህ በእንግሊዝ ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ነው። ስሟን ያወጣችው ታላቋ ልጄ ናት፣ በስልክ። "ትንሽ ናት፣ ቀይ ናት፣ ታቃጥላለች፤ ሚጥሚጣ በሏት" አለች።

ችግሩ፣ ትንሹ ልጄ "ጥ" ማለት አይችልም። "ሚትሚታ" ይላል። እናቴ ከሶፋዋ ሆና ሰማችው። "ምንድነው ሚትሚታ? ጥ! ምላስህን አጥብቀህ፣ ጥ! ሚጥሚጣ!" አለችው። ሌላ ቀን ደግሞ ውሻዋን "ና! ና!" እያለ ሲጠራት ሰማች። "ሴት አይደለችም እንዴ? ነይ በላት። ቁጭ በል አይደለም፣ ቁጭ በዪ ነው" አለችው። እኔ ስንት ዓመት "አንተ" እና "አንቺን" ላስተምረው ታግዬ ያቃተኝን፣ አንዲት አምስት ኪሎ የማትሞላ ቡችላ በአንድ ክረምት አስተማረችው። ውሻዋም አማርኛ ብቻ የምትሰማ ሆነች። ዛሬ ጋሼ እንኳ ሜዳ ላይ ሲጠሯት በዚያ በሰሜን እንግሊዝ አነጋገራቸው "ነይ፣ ሚትሚታ!" ነው የሚሏት።

ቅዳሜ ጠዋት

ቅዳሜ ምግብ ቤቱን የምንከፍተው ማታ ስለሆነ ጠዋቱ የእኔና የልጄ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አላደንንም። ጋሼ አልፈቀዱም። "መጀመሪያ በግ ትልመድ" አሉ። ልጄ በረጅም ገመድ አስሮ በበጎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ያመላልሳት ነበር፤ ወደ በግ ካየች "ተዪ!" ይላታል፣ ወደ እርሱ ስትዞር ቁራሽ ሥጋ ይሰጣታል። ይህ ቀልድ አይደለም። ውሻ በግ ስታሳድድ ሌላ ማስቆሚያ ካጣ፣ እዚህ አገር ገበሬው ተኩሶ ሊገድላት ይችላል፤ ሕግም ይከላከልለታል። ጋሼም "ወዳጄ ብትሆንም ውሻህ አንዲት በግ ከነካች ሁለተኛ እዚህ አትመጣም" ብለውኛል።

በሁለተኛው ዓመት ሥራ ጀመረች። ጋሼና ጎረቤቶቻቸው የዶሮ ቤት ሲያጸዱ፣ የገለባ ክምር ሲያነሡ ይጠሩናል። መርዝ ለምን እንደማይወዱ ጠየቅኳቸው። መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ እየተንገዳገደች ስትሄድ ጉጉት ይበላታል፣ መርዙም ለጉጉቱ ይተርፋል። ለውሻም እንደዚሁ። ጎበዝ ቴሪየር ግን ባንድ ጊዜ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ እኛም መርዝ ተጥሎበታል ወደተባለ ቦታ ሚጥሚጣን አንወስድም።

አደን ስል ግን ሁሉ ነገር ደስታ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን ጥንቸል ይዛ መጣች። ልጄ ማታ አያቱን "ጥንቸል ለምን አንበላም?" ብሎ ጠየቃት፣ በአማርኛ! እርሷም ኦሪት ላይ እንዳለው፣ ታመሰኳለች ተብሎ ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ እንደሆነ አስረዳችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። "የማትበሉትን ነፍስ ለምን ትገድላላችሁ?" አለች።

ይህ ጥያቄ አስተኝቶኝ አላደረም። እውነት ነው፤ አባቴ በግ ሲያርድ እንኳ በጸሎት ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ለጋሼ ነገርኳቸው። አልተቀየሙም። "አይጡ የበጎቼን መኖ ይበላል፣ የተረፈውን በሽንቱ ያበላሻል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይቆራርጣል። ጥንቸሉን ደግሞ እኔ እበላዋለሁ። ለጨዋታ የምገድለው የለኝም" አሉ። እኔና ልጄም ተነጋግረን ሕግ አወጣን፦ ለአይጥ ስንጠራ እንሄዳለን፤ ጥንቸል የሚያዘው ጋሼ ለድስታቸው ሲፈልጉ ብቻ ነው። ፎቶ ተነሥቶ በስልክ መኩራራት የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። የእርሷ ዝምታ ደግሞ ቡራኬ ነው።

የሽንኩርቱ ነገር

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። ቤታችሁ ውሻ ያላችሁ ሁሉ ይህችን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ።

እናቴ ቀስ በቀስ ተሸንፋ ነበር። መጀመሪያ "ይህቺ እንስሳ" ትላት ነበር፤ ከዚያ "ሚጥሚጣ" አለቻት፤ በኋላ ማንም የሌለ ሲመስላት "ሚጢዬ" ስትላት ሰማኋት። ቀን ቀን ሁላችንም ስንወጣ ቤት የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው። ሁለተኛው ፋሲካ መጣ። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ተሞላ። እናቴ፣ ቤት ያለ ሁሉ ሲፈስክ ውሻዋ ባዶዋን መቅረቷ አሳዘናት። ከትሪው ሥር፣ እኛ ሳናይ፣ ወጥ የነካ እንጀራ እየጠቀለለች ታጎርሳት ጀመር። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልጄ በጠዋት በሬን አንኳኳ። "አባዬ፣ ሚጥሚጣ አልነሣ አለች" አለኝ። ሄጄ ሳያት ተኝታ ታለከልካለች። ከንፈሯን ገልጬ ሳይ ድዷ ነጭ ወረቀት መስሏል። ደጅ ስናወጣት ሽንቷ እንደ ጥቁር ሻይ ጠቁሯል።

የእንስሳት ሐኪሟ አየቻትና መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሽንኩርት በልታለች?" ብላ ነው። እኔ እኮ በሳምንት ሦስት ጆንያ ሽንኩርት የሚከተፍበት ቤት ባለቤት ነኝ! ሽንኩርት ውሻን እንደሚመርዝ ግን አላውቅም ነበር። ሐኪሟ አስረዳችኝ። ሽንኩርት ውስጥ ያለው ነገር የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል፤ የተጎዱት ሕዋሳት ይፈርሳሉ፣ ደሟ ያንሳል። ጥሬም ይሁን የበሰለ ለውጥ የለውም። ምልክቱ ወዲያው ሳይሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚታይ ሰው ከምግቡ ጋር አያያይዘውም። ባንድ ጊዜ ብዙ ባትበላም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሆን ይጠራቀማል። የእኛ ቁሌት ደግሞ ምንድነው? ኪሎ ሙሉ ሽንኩርት እስኪጠፋ ድረስ የሚቁላላበት አይደለም እንዴ! ለስድስት ኪሎ ውሻ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት እንኳ ብዙ ነው። ነጭ ሽንኩርቱም እንዲሁ መርዝ ነው።

ሚጥሚጣ ሁለት ሌሊት እዚያው ተኝታ በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጣት፤ ደሟ በየጊዜው ይለካል፤ ከዚህ በታች ከወረደ ደም እንሰጣታለን ተባልን። እዚህ አገር ለሰው ሕክምናው ነጻ ነው፤ ለእንስሳ ግን በየደቂቃው ይቆጥራል። ሂሳቡ ከዘጠኝ መቶ ፓውንድ በላይ መጣ። ኢንሹራንስ ያስፈልጋል ሲሉኝ "ለውሻ ደግሞ ኢንሹራንስ!" ብዬ ስቄ ነበር። ዛሬ አለኝ።

ቤት ስንመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ነገሩን ስነግራት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። "እኔ ነኝ የገደልኳት። በእጄ አጉርሼ ገደልኳት" ብላ አለቀሰች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እኔ ምን እንደምል ጠፋኝ። ልጄን ፈራሁት፤ ይቆጣታል ብዬ። ያ ልጅ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ። "አያቴ፣ አላወቅሽም ነበር። አንቺ ስለምትወጃት ነው" አላት። አንዲት ቃል አልተሳሳተም።

ሦስታችንም አለቀስን። ሁለት ሌሊት አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ አብረው አመሹ። እርሷ ስለ ሱሉልታ ውሻችን አወራችው፤ ጅብ በረታችንን ሊሰብር ሲመጣ እንዴት እንዳስጣለን። ይህን ታሪክ እኔ እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሚጥሚጣ ተረፈች። ወደ ጨዋታዋ እስክትመለስ ግን ሳምንታት ፈጀባት። አሁን እናቴ ለብቻዋ ቢጫ ሳህን አላት፤ አጥንት የሌለው ቅቅል ዶሮና ካሮት፣ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት። አዲስ ነገር ከመስጠቷ በፊት "ይህ ይሆናታል?" ብላ ልጄን ትጠይቀዋለች፤ እርሱ ፈልጎ ይነግራታል። እኛ ሐበሾች ፍቅራችንን የምንገልጸው በጉርሻ ነው። የምናጎርሰውን አፍ ማወቅ እንዳለብን ግን ሚጥሚጣ አስተምራናለች።

ውሻ ለማሳደግ ለምታስቡ

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ውሻ ሲለምኗችሁ ወዲያው "እምቢ" አትበሉ፤ ወዲያው "እሺ"ም አትበሉ። ቴሪየር ስትታይ ትንሽ ናት፣ ግን የሶፋ ትራስ አይደለችም። ሥራ ወይም ረጅም የእግር ጉዞ ካላገኘች ጓሮ ትቆፍራለች፣ ጫማ ትበላለች፣ የጎረቤት ድመት ታሳድዳለች፣ ትጮኻለች። ቤታችሁ ሃምስተር ወይም ጥንቸል ካለ አይስማሙም። ቀኑን ሙሉ ሰው የማይኖርበት ቤት ከሆነ ይቅርባችሁ።

ሁላችሁም ገጠር ገብታችሁ አድኑ አልልም። የማንሄድባቸው ሳምንታት ብዙ ናቸው፤ ያኔ ልጄ በጓሮ ቁራሽ ሥጋ ይደብቅና በአፍንጫዋ እንድትፈልግ ያደርጋታል። ለእርሷ ያም ሥራ ነው። አደን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቁ፤ አሜሪካ ያለው፣ ጀርመን ያለውና ዱባይ ያለው አንድ አይደለም። የሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ አትግቡ።

ክትባት አትርሱ። አይጥ የምትይዝ ውሻ በተለይ በአይጥ ሽንት የሚተላለፈውን ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ መከተብ አለባት፤ በሽታው ሰውንም ይይዛል። እኛ አይጥ በእጃችን አንነካም፤ ጓንት እናደርጋለን፣ ቁስል ካለብን እንሸፍናለን፣ ስንመለስም በሳሙና እንታጠባለን። ከሜዳ ስትመለስ ጠጉሯን ገልጣችሁ መዥገር ፈልጉ።

ልጆች፣ ይህችን ደግሞ ለእናንተ፦ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ቡና፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ ለውሻ አይሰጥም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ወረቀት ላይ ጻፉትና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት፤ በአማርኛም ጻፉት፣ አያቶቻችሁ እንዲያነቡት። እኛ ቤት ተለጥፏል፤ የጻፈው ልጄ ነው፣ ፊደሉን ያረመችው እናቴ ናት።

ልጄ አሁን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በሩን አሁንም ይዘጋል፤ ጎረምሳ ነውና። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሳልቀሰቅሰው ቦቲውን አድርጎ ይጠብቀኛል። እናቴ ሻይ በፔርሙዝና ዳቦ ትሰጠናለች። ከዚያ ጎንበስ ትልና "ሚጢዬ፣ በግ እንዳትነኪ፤ በጊዜ ነይ" ትላታለች። ከዚያም እጇን ልትታጠብ ትገባለች።

ቸር ይግጠመን።